የፕሮቶን ስፒን አልጠፋም

ስለ ፕሮቶን ስፒን በተጻፈ ቁጥር አንድ ትረካ ይደጋገማል። ፕሮቶን በውስጡ ሦስት ኳርኮች አሉት፤ የሦስቱ ስፒን ሲደመር የፕሮቶኑን ስፒን መስጠት ነበረበት፤ ሲለካ ግን ሲሶ ያህል ብቻ ተገኘ፤ የቀረው ሁለት ሦስተኛ ጠፍቷል፤ የት እንደገባም የሚያውቅ የለም ይባላል። ይህ ትረካ አርባ ዓመት ሊሞላው ተቃርቧል። ለሰፊው አንባቢ በሚዘጋጁ የሳይንስ ጽሑፎች ውስጥ ሥር ሰዷል፤ ለተማሪ የሚሰጠው ማብራሪያም ይህንኑ ይከተላል፤ የፊዚክስ ሊቃውንቱ ራሳቸውም አዲስ ሙከራ ለማስፈቀድ ሲነሡ ይጠቀሙበታል።

እኔ ይህ ትረካ ስሕተት ነው እላለሁ። በመለኪያዎቹ ላይ ጥርጣሬ የለኝም፤ በጥንቃቄ የተሠሩና ተደጋግመው የተረጋገጡ ናቸው። የምቃወመው አነባበቡን ነው። ከፕሮቶን ውስጥ የጠፋ ስፒን የለም። በ1987 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የፈረሰው ፕሮቶንን የሦስት ረጋ ያሉ ቅንጣቶች ድምር አድርጎ የሚያሳየው ሥዕል ነው፤ ያ ሥዕል ደግሞ ከዚያ በፊትም ቢሆን ብዙ ማስረጃ ቀርቦበት ነበር። ፍርስራሹን እንደ ቤት ቆጥረን "ጣሪያው የት ሄደ?" እያልን መቀጠላችን ተማሪውንም ሕዝቡንም ያሳስታል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ እውነተኛውን ጥያቄ ይሸፍንብናል።

በመጀመሪያ የማያከራክረውን ላስቀምጥ። ስፒን አንድ ቅንጣት በተፈጥሮው ይዞት የሚኖረው የዙረት መጠን ነው፤ ፊዚክስ አንጉላር ሞመንተም ይለዋል። የፕላንክ ቋሚ ቁጥር ለሁለት ፓይ ተካፍሎ የሚገኘውን መስፈሪያ ብናደርግ የፕሮቶን ስፒን ግማሽ ነው። ይህ ከ1927 ጀምሮ ይታወቃል፤ በዚያ ዓመት አሜሪካዊው ዴቪድ ዴኒሰን የሃይድሮጅን ጋዝ ሲሞቅ ምን ያህል ሙቀት እንደሚወስድ መርምሮ ደረሰበት። ከዚያ ወዲህ ይህን ቁጥር የነቀነቀ ሙከራ የለም። በየሆስፒታሉ ያለው የኤምአርአይ መሣሪያም የሚሠራው በዚሁ ስፒን ነው፤ በ1.5 ቴስላ ማግኔት ውስጥ የገባ ሕመምተኛ ሰውነቱ ውስጥ ባለው ውኃና ስብ ያሉት ፕሮቶኖች ሁሉ 64 ሜጋኸርትዝ ገደማ በሆነ ድግግሞሽ መልስ ይሰጣሉ። እያንዳንዱ ፕሮቶን ሙሉ ግማሹን ይዞ ይገኛል። ስለዚህ ጠቅላላው ድምር ተጓድሎ አያውቅም፤ ሲያከራክር የኖረው ይህ ሙሉ ድምር ከምን ከምን እንደሚገነባ ነው።

አሁን ወደ ሙከራው ልግባ፤ ቀረብ ብሎ ላየው ውበት አለው። በጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው ሰርን የአውሮፓ ሙዮን ቡድን የተባለው የሳይንቲስቶች ኅብረት ከ100 እስከ 200 ጊጋ ኤሌክትሮንቮልት ጉልበት ያላቸውን ሙዮኖች በፕሮቶኖች ላይ ይለቅ ነበር። ሙዮኖቹ ፓዮን ከተባሉ ቅንጣቶች መበስበስ ስለሚወለዱ ስፒናቸው ከመነሻው 80 ከመቶ ገደማ ወደ አንድ አቅጣጫ የዞረ ነው። ኢላማው የበረደ ጠጣር አሞኒያ ነበር፤ ከፍጹም ዜሮ በላይ አንድ ኬልቪን እንኳ በማይሞላ ቅዝቃዜ፣ በኃይለኛ ማግኔት ውስጥ፣ በማይክሮዌቭ እየተገፋ የፕሮቶኖቹ ስፒን በአንድ አቅጣጫ እንዲሰለፍ ይደረጋል። ኢላማው ለሁለት ተከፍሏል፤ የአንዱ ክፍል ፕሮቶኖች ወደ ፊት፣ የሌላው ወደ ኋላ ይሰለፋሉ፤ አንዱ የሙዮን ጨረር ሁለቱንም አከታትሎ ያልፋል። ከሁለቱ የሚበተኑት ሙዮኖች ተቆጥረው ልዩነታቸው ሲሰላ የኳርኮቹ ስፒን ወደየት እንዳዘነበለ ይታወቃል። አድካሚው ነገር፣ አንድ የአሞኒያ ሞለኪውል በውስጡ 17 ፕሮቶኖችና ኒውትሮኖች ሲኖሩት ለትእዛዙ የሚገዙት ሦስቱ የሃይድሮጅን ፕሮቶኖች ብቻ መሆናቸው ነው። የሚፈለገው ጥቂት ልዩነት ከአሥራ አራቱ ሌሎች ከሚመጣው ግርግር ውስጥ ተለቅሞ መውጣት ነበረበት። ቡድኑ ይህን አደረገ።

ውጤቱ በ1987 ተሰማ፣ በ1988 ታተመ። የኳርኮች ስፒን ድርሻ 12 ከመቶ ገደማ ሆኖ ተገኘ፤ የስሕተቱ ወሰን ሰፊ ስለነበር ዜሮም ሊሆን ይችል ነበር። የፊዚክስ ዓለም ተናወጠ። ከዚያ በኋላ በሰርን፣ በካሊፎርኒያው ስላክ፣ በሃምቡርጉ ዴዚ እና በቨርጂኒያው ጄፈርሰን ላብ የተካሄዱ ሙከራዎች ቁጥሩን አጠሩት። ዛሬ የኳርኮች ስፒን ድርሻ ከ25 እስከ 35 ከመቶ ባለው ውስጥ እንደሚገኝ ሰፊ ስምምነት አለ። የመጀመሪያው ድንጋጤ የተፈጠረበት ቁጥር ከእጥፍ በላይ አድጓል ማለት ነው፤ ትረካው ግን በዚያው በድንጋጤው ቀን ቆሞ ቀርቷል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና "መቶ ከመቶ መሆን ነበረበት" የሚለው ግምት ከየት እንደመጣ እንመርምር። በ1964 መሪ ጌል-ማን እና ጆርጅ ዝዋይግ፣ እያንዳንዳቸው ለየብቻ፣ የኳርክን ሐሳብ አቀረቡ። በዚያ ላይ የተገነባው ቀላል ሞዴል ፕሮቶንን በሁለት አፕ ኳርኮችና በአንድ ዳውን ኳርክ ይሠራዋል፤ ኳርኮቹም ያለ ምንም የእርስ በርስ ዙረት ረግተው የተቀመጡ ናቸው። ሒሳቡ ሲሠራ አፕ ኳርኮች የስፒኑን አራት ሦስተኛ ይሸከማሉ፤ ዳውን ኳርኩ ደግሞ በተቃራኒ አቅጣጫ አንድ ሦስተኛውን ይቀንሳል። ድምሩ አንድ ሙሉ ይሆናል። መቶ ከመቶው የመጣው ከዚህ ነው።

ይኸው ሞዴል ግን ሌላም ነገር ይተነብያል፤ ትንቢቱ ደግሞ ከ1987 ቀደም ብሎ ወድቋል። ኒውትሮን ወደ ፕሮቶን ሲበሰብስ የመበስበሱን ፍጥነት ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ በአፕና በዳውን ኳርኮች የስፒን ድርሻ መካከል ያለው ልዩነት ነው። በሞዴሉ መሠረት ልዩነቱ አራት ሦስተኛ ሲደመር አንድ ሦስተኛ፣ ማለትም አምስት ሦስተኛ ወይም 1.67 መሆን ነበረበት። የተለካው 1.27 ገደማ ነው። ሞዴሉ መሳሳቱ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በላቦራቶሪ የሚታይ ነገር ነበር። ረግተው የተቀመጡ ኳርኮች እንደሌሉ ኒውትሮን ራሱ ሲመሰክር ኖሯል።

ችግሩን ከቁም ነገር የቆጠሩ ሰዎችም ነበሩ። በ1974 የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ኳርኮችን በአንድ ጠባብ ከረጢት ውስጥ በከፍተኛ ፍጥነት እንዲንቀሳቀሱ አድርገው ሲያሰሉ የስፒን ድርሻቸው ወደ 65 ከመቶ ዝቅ አለ። በዚያው ዓመት ጆን ኤሊስና ሮበርት ጃፊ ስትሬንጅ የተባሉት ኳርኮች ለስፒኑ ምንም አያዋጡም ብለው ቢያሰሉ ወደ 60 ከመቶ የሚጠጋ መልስ አገኙ። እንግዲህ ሒሳቡን በትክክል ይሠራ የነበረ ሰው ከ1987 በፊትም መቶ ከመቶ አይጠብቅም ነበር። እውነተኛው ልዩነት በ60 እና በ30 መካከል ያለው ነው፤ እሱም ሊመረመር የሚችል፣ ምክንያት ሊሰጠው የሚችል ልዩነት ነው። "ከመቶው ሰባው ጠፋ" የሚለው አቀራረብ ማንም በቁም ነገር ያልጠበቀውን ቁጥር መነሻ አድርጎ ሕዝብን ያስደነግጣል።

ማስጠንቀቂያው ከዚያም በፊት ጀምሯል። በ1933 በሃምቡርግ ኦቶ ሽተርንና ኦቶ ፍሪሽ የፕሮቶንን ማግኔታዊ ሞመንት ለኩ። ፕሮቶን እንደ ኤሌክትሮን ነጠላ ቅንጣት ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ አንድ መሆን ነበረበት፤ ከሁለት በላይ አገኙት፤ የዛሬው ልኬት 2.79 ነው። ያኔ ማንም ማግኔት በዛ ብሎ አልጮኸም፤ ፕሮቶን ውስጣዊ አካል አለው የሚለው ቀጥተኛ ትምህርት ነበር የተወሰደው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የስላክ የኤሌክትሮን ሙከራዎች በሰርን ከተሠሩት የኒውትሪኖ ሙከራዎች ጋር ሲመሳከሩ ኳርኮች ከፕሮቶኑ ሞመንተም የሚሸከሙት ግማሹን ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ቀሪው የግሉዮኖች፣ ማለትም ኳርኮችን አጣብቀው የሚይዙት ቅንጣቶች መሆኑ ታወቀ። በክብደቱም እንዲሁ ነው፤ የሁለት አፕና የአንድ ዳውን ኳርክ የራሳቸው ክብደት ተደምሮ ከፕሮቶኑ 938 ሜጋ ኤሌክትሮንቮልት አንድ ከመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሞመንተሙ ከሦስቱ ኳርኮች አልተገኘም፤ ክብደቱም ከነሱ አልተገኘም። ስፒኑ ብቻ ከሦስቱ ተለቅሞ እንዲወጣ የምንጠብቀው በምን ምክንያት ነው?

ምክንያቱን የሚያሳየን ፊዚክስ እዚህ ነው ያለው። የፕሮቶን ራዲየስ 0.84 ፌምቶሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ፌምቶሜትር የአንድ ሚሊሜትር ትሪሊዮንኛ ነው። በኳንተም ሜካኒክስ ሕግ አንድን ቅንጣት ባጠበብነው መጠን እንቅስቃሴው እየጠነከረ ይሄዳል። በፌምቶሜትር ስፋት የተያዘ ኳርክ 200 ሜጋ ኤሌክትሮንቮልት ገደማ የሆነ የእንቅስቃሴ ጉልበት ይኖረዋል፤ የራሱ ክብደት ግን ለአፕ 2 ለዳውን 5 ሜጋ ኤሌክትሮንቮልት ያህል ነው። ጉልበቱ ክብደቱን በአሥሮች እጥፍ ይበልጠዋል። እንዲህ ያለ ቅንጣት ለብርሃን ፍጥነት በተጠጋ ፍጥነት ይሮጣል፤ ሊረጋ አይችልም። ፖል ዲራክ በ1928 ባወጣው እኩልታ ደግሞ እንዲህ ተይዞ የሚሮጥ ቅንጣት ስፒኑ ብቻውን ተጠብቆ አይቆይም፤ የሚጠበቀው የስፒኑና በምሕዋር የሚያደርገው ዙረት ድምር ነው። አንዱ ሲቀንስ ሌላው ይሞላል።

የቡሄን ጨዋታ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸግረውም። ልጆቹ ሆያ ሆዬ እያሉ በክብ ሲዞሩ እያንዳንዱ በቆመበት መሽከርከር ይችላል፤ ክቡ በሙሉ ደግሞ በመሐሉ ዙሪያ ይዞራል። ከላይ ሆኖ የሚያይ ሰው የዙረቱን ብዛት ማወቅ ቢፈልግ ሁለቱንም መደመር አለበት። እያንዳንዱ ልጅ በቆመበት የሚሽከረከረውን ብቻ ቆጥሮ "የጭፈራው ዙረት ሰባ ከመቶ ጠፋ" የሚል ሰው ያላየው ነገር የክቡን መዞር ነው። የአውሮፓ ሙዮን ቡድን ሙከራ የለካው የኳርኮቹን የየራስ ስፒን ነበር፤ ምሕዋራዊ ዙረታቸውን ሊለካ አልተሠራም፤ ለካሁም አላለም።

ከ60 ወደ 30 የወረደውም ቢሆን ምክንያት አያጣም። ፕሮቶን ዝግ ዕቃ አይደለም፤ በዙሪያው ፓዮኖች ይወጡበታል ይገቡበታል፤ ፓዮን ስፒን የለውም፤ ስለዚህ ከኳርኮቹ ስፒን የወሰደውን በምሕዋር ዙረት መልክ ይይዘዋል። ኳርኮቹ ግሉዮን ሲለዋወጡም ተመሳሳይ ዝውውር ይደረጋል። በ2008 ፍሬድ ማይረርና አንቶኒ ቶማስ አንጻራዊነትን፣ የፓዮን ደመናንና የግሉዮን ልውውጥን በአንድ ላይ አስልተው የኳርክ ስፒን ድርሻ ወደ ሲሶ እንደሚወርድ አሳዩ። የፓዮኑ ደመና የታሰበ ብቻ እንዳይመስል በፌርሚላብ የተካሄደው የሲክዌስት ሙከራ በ2021 ያወጣውን ውጤት ማየት ይበቃል፤ በፕሮቶን ውስጥ ፀረ ዳውን ኳርኮች ከፀረ አፕ ኳርኮች እንደሚበልጡ አረጋግጧል፤ ይህም ፕሮቶን ፓዮን ይለቃል የሚሉት ስሌቶች ከሚሰጡት መልስ ጋር የሚስማማ ነው።

በዚህ አቋም ላይ የሚነሡ ከባድ ተቃውሞዎች አሉ። አንደኛው "ቀላሉን ሞዴል አትናቁት፤ የኒውትሮንና የፕሮቶን ማግኔታዊ ሞመንት ጥምርታ ኔጋቲቭ ሁለት ሦስተኛ ነው ብሎ ተንብዮ በእርግጥም ኔጋቲቭ 0.685 ተለክቷል" የሚለው ነው። ይህ ትልቅ ስኬት ነው፤ አልክደውም። ነገር ግን ጥምርታ የሚያሳየው የሁለቱን ቅንጣቶች ተመጣጣኝነት ነው፤ ለሁለቱም በጋራ የሚደርስ ቅናሽ ሲካፈል ይጠፋል። ማግኔታዊ ሞመንት ደግሞ ከስፒን ብቻ አይመጣም፤ በምሕዋር የሚዞር ኤሌክትሪክ ሙላትም ያመነጨዋል። በጥምርታ ላይ ትክክል የመሰከረ ሞዴል በኒውትሮን መበስበስ ላይ በአንድ አራተኛ ያህል ተሳስቷል። የሞዴሉን ምስክርነት የምንቀበለው በሚያውቀው ነገር ላይ ነው፤ የኳርኮችን መሮጥ አያውቅም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ሌላ ተጠያቂ የሚፈልግ ነው፤ "ኳርኮች ካልያዙት ግሉዮኖች ይዘውት ይሆናል" ይላል። በ1988 ጉይዶ አልታሬሊና ግራሃም ሮስ ያቀረቡት ሐሳብ ብዙ ተከታይ አገኘ፤ የግሉዮኖች ስፒን በጣም ትልቅ ከሆነ የኳርኮቹን ልኬት ዝቅ አድርጎ እንዲታይ ያደርገዋል አሉ። ለዚህ ግን ግሉዮኖች ከፕሮቶኑ ጠቅላላ ስፒን በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ስፒን ሊኖራቸው ይገባ ነበር። ሐሳቡ ይፈተን ዘንድ የተሠራው ሥራ የሰውን ብልሃት የሚያስመሰግን ነው። በኒው ዮርክ ሎንግ አይላንድ የሚገኘው የብሩክሄቨን ላቦራቶሪ 3.8 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ባለው ሪክ በተባለ ማፋጠኛ ውስጥ ስፒናቸው የተሰለፈ ፕሮቶኖችን ከ2001 ጀምሮ ማጋጨት ጀመረ። ፕሮቶኖች በክብ ሲሮጡ በየዙሩ የማግኔቱ ጥቃቅን እንከን ስፒናቸውን ያዛባዋል፤ ሚሊዮን ጊዜ ሲዞሩ ሰልፉ ይበተናል። ለዚህ መድኃኒቱ ከኖቮሲቢርስክ ሊቃውንት የመጣ ነበር፤ የሳይቤሪያ እባብ የተባሉት የተጠማዘዙ ማግኔቶች ስፒኑን በየግማሽ ዙሩ በ180 ዲግሪ ይገለብጡታል፤ በአንዱ ግማሽ የተዛባው በሌላው ይታረማል።

ሪክ ምን አገኘ? በ2014 በተጠናቀረው ትንታኔ መሠረት፣ ከፕሮቶኑ ሞመንተም ከአንድ ሃያኛ በላይ በሚይዙት ግሉዮኖች ዘንድ ያለው ስፒን 0.2 ገደማ ነው፤ የግማሹ ስፒን አርባ ከመቶ ያህል መሆኑ ነው። ትልቅ ግኝት ነው፤ ግሉዮኖች በእርግጥ ይሳተፋሉ። ብዙ እጥፍ የሚለው ግን ወደቀ። በ2022 ጥቂት ተመራማሪዎች አንዳንድ ግምቶች ከተነሡ የግሉዮኑ ስፒን ኔጋቲቭም ሊሆን እንደሚችል ሲያሳዩ፣ በቀጣዩ ዓመት የሪኩ የፊኒክስ ቡድን በቀጥታ የሚወጡ ፎቶኖችን ለክቶ ፖዚቲቭ የሚለውን አጠናከረ። ከዚህ ሁሉ የምንማረው ነጠላ ባለቤት ፍለጋው ራሱ መሠረት እንደሌለው ነው። ኳርክም ግሉዮንም የየራሳቸውን ስፒንና የየራሳቸውን ምሕዋራዊ ዙረት ይዘው በአንድ ላይ ይሠራሉ።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከወዲያኛው ወገን የሚመጣ ነው፤ ለእኔ አቋም ቅርብ ስለሚመስል የበለጠ መጠንቀቅ ይገባል። "በሱፐር ኮምፒውተር የሚሠራው የላቲስ ስሌት መልሱን ሰጥቷል፤ መዝገቡ ይዘጋ" ይላል። በእርግጥ በ2020 የታተመ ስሌት ለኳርኮች የየራስ ስፒን 38 ከመቶ ገደማ፣ ለግሉዮኖች ጠቅላላ ዙረት ደግሞ 37 ከመቶ ገደማ ሰጥቷል፤ የቀረው የኳርኮች ምሕዋራዊ ዙረት ነው፤ ድምሩም ከግማሹ ጋር ይስማማል። ይህ ስሌት "ጠፋ" የሚለውን ትረካ ብቻውን ሊያፈርሰው ይበቃል። መዝገቡን ለመዝጋት ግን አይበቃም፤ ምክንያቱም የድርሻዎቹ ትርጉም ራሱ ቅድመ ሁኔታ አለው።

ቅድመ ሁኔታዎቹ ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው የአከፋፈል ነው። በ1990 ሮበርት ጃፊና አኒሽ ማኖሃር አንድ ዓይነት አከፋፈል አቀረቡ፤ በ1997 ሺያንግዶንግ ጂ ሌላ አቀረበ። ሁለቱም ሲደመሩ ግማሽ ይሰጣሉ፤ ለምሕዋራዊው ዙረት የሚመድቡት መጠን ግን ይለያያል፤ ምክንያቱም ኳርኩና የሚንቀሳቀስበት የግሉዮን መስክ የተጣበቁ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ለየትኛው ይቆጠር የሚለው በምርጫ ይወሰናል። ሁለተኛው የእይታ ጥራት ነው። ፕሮቶንን በበለጠ ጉልበት ቀርበን ባየነው ቁጥር ብዙ ግሉዮኖችና ብዙ የኳርክና የፀረ ኳርክ ጥንዶች ይታያሉ፤ የግሉዮኖቹ ስፒን እያደገ ይሄዳል፣ ምሕዋራዊው ዙረት በተቃራኒው ያካክሰዋል። በ1996 ጂ፣ ታንግና ፓኪስታናዊው ፐርቬዝ ሁድቦይ ጉልበቱ ያለ ገደብ ቢያድግ ኳርኮችና ግሉዮኖች ጠቅላላውን ዙረት ወደ እኩል በተጠጋ መጠን እንደሚካፈሉት አሰሉ። እንግዲህ ድርሻው ከጥራቱ ጋር የሚለዋወጥ ከሆነ "ግሉዮኖች ስንት ከመቶ ይይዛሉ?" የሚለው ጥያቄ በምን ጥራት ስናይና በምን አከፋፈል የሚለው ካልተጨመረበት መልስ የለውም። ያለ መስፈሪያ የተጠየቀ ጥያቄ መልስ ሲያጣ ጉድለቱ የተፈጥሮ አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ ሊዘነጋ አይገባም። በ1966 ጀምስ ቢዮርከን በአፕና በዳውን ኳርኮች የስፒን ልዩነትና በኒውትሮን መበስበስ መካከል ያለውን ግንኙነት በቀመር አስቀምጦ ነበር። የቢዮርከን ቀመር የሚቆመው በመሠረታዊ ሕጎች ላይ እንጂ በሦስት ኳርክ ሥዕል ላይ አይደለም። ቀመሩ ሲፈተን አለፈ፤ በሰርን የኮምፓስ ሙከራ ከአሥር ከመቶ ባነሰ ስሕተት አረጋግጦታል። የዳውን ኳርክ ድርሻ ኔጋቲቭ 0.43፣ የአፕ ደግሞ 0.84 ገደማ ነው፤ ልዩነታቸው 1.27፣ ልክ ከኒውትሮን መበስበስ የተለካው ነው። ኳንተም ክሮሞዳይናሚክስ የተባለው የጠንካራው ኃይል ንድፈ ሐሳብ በዚህ ሁሉ ግርግር ውስጥ አንድ ጊዜም አልተሸነፈም። የተሸነፈው ንድፈ ሐሳቡን ሳያሰሉ በቦታው የተተካው ቀላል ሥዕል ነው።

ታዲያ ያልተፈታው ምንድን ነው? ያልተፈታ አለ፤ ትልቅም ነው። ኳርኮችና ግሉዮኖች በፕሮቶን ውስጥ የት የት እንዳሉና እንዴት እንደሚዞሩ የሚያሳይ ካርታ እስካሁን በሙከራ አልተሟላም። በጄፈርሰን ላብ ኤሌክትሮን ከፕሮቶን ጋር ተገናኝቶ አንድ ፎቶን እንዲወጣ በማድረግ የዚህ ካርታ የመጀመሪያ ክፍሎች እየተሠሩ ነው፤ ምሕዋራዊው ዙረት የሚገኝበት መንገድ ይህ ነው። ሌላው ከፕሮቶኑ ሞመንተም እጅግ ጥቂቱን ብቻ የሚይዙት የግሉዮኖች ሠራዊት ነው፤ ሪክ እነሱ ዘንድ በቂ ሆኖ አልደረሰም። በጥር 2020 በብሩክሄቨን እንዲሠራ የተወሰነው የኤሌክትሮንና የአዮን ማጋጫ በ2030ዎቹ ሥራ ሲጀምር የሚደርሰው እዚያ ነው። እነዚህ ጥያቄዎች ለጠፋ ዕቃ ከሚደረግ ፍለጋ የበለጠ ክብር ያላቸው ናቸው፤ ከጠቅላላው ሊታይ ከሚችለው ነገር ክብደት አብዛኛውን የያዘው ቁስ ከውስጥ እንዴት እንደሚገነባ ይጠይቃሉ።

ትረካው ጉዳት የሌለው የማስረዳት ማቅለያ ነው የሚሉኝ አሉ፤ "ተማሪ በቀላሉ ይጀምር፣ ኋላ ያርመዋል" ይላሉ። በቀላሉ መጀመርን አልቃወምም፤ ሐሰተኛን ቀላል አድርጎ መጀመር ግን ሌላ ነገር ነው። ፕሮቶን የሦስት ኳርኮች ድምር ነው ተብሎ የተማረ ልጅ ሰባ ከመቶው መጥፋቱን ሲሰማ ከሁለት አንዱን ይደመድማል፦ ወይ ሳይንቲስቶች መሠረታዊውን ነገር አያውቁም፣ ወይ ተፈጥሮ ራሷ ሕግ ታፈርሳለች። ሁለቱም ሐሰት ናቸው። ፕሮቶን ኳርኮችና ግሉዮኖች ለብርሃን በተጠጋ ፍጥነት የሚንቀሳቀሱበት አንድ አካል ነው ተብሎ ቢነገረው ግን ያው የ30 ከመቶ ቁጥር የእንቅስቃሴው ማስረጃ ሆኖ ይታየዋል፤ አይደነግጥም፤ ይጠይቃል። በአማርኛ ሳይንስ የምንጽፍ ሰዎችም የውጭውን ርዕስ እንደወረደ ከማስተላለፋችን በፊት ይህን ልዩነት ለአንባቢያችን የማስረዳት ግዴታ አለብን፤ ወጣቱ ከመጀመሪያው ትክክለኛውን ሥዕል ቢይዝ የምናተርፈው ብዙ ነው።

አዲሱ ማጋጫ ውጤቱን ማውጣት ሲጀምር "የጠፋው ስፒን ተገኘ" የሚል ርዕስ በየቦታው እንደሚወጣ ከወዲሁ መገመት ይቻላል። በዚያን ጊዜ አንባቢው ሦስት ነገር እንዲጠይቅ እፈልጋለሁ፤ የተለካው የየራስ ስፒን ነው ወይስ ምሕዋራዊ ዙረት? በየትኛው አከፋፈል? በምን ጉልበት ታይቶ? ለሦስቱ መልስ የሰጠ ዘገባ ስለ ፕሮቶን አንድ እውነት አሳውቋል። መልስ የሌለው ዘገባ ግን ከ1987ቱ ድንጋጤ አልወጣም፤ አርባ ዓመት የተደከመበትን እውቀትም ለአንባቢው ነፍጎታል።